ሁለት ዓይነት ብርቱካናማ

ለመላው የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች፦ በዋናው መግቢያ በስተቀኝ በኩል ለዓመታት ቆሞ ሲያገለግል የነበረው የጃንጥላ ማስቀመጫ፣ የበላይ አካል ጉዳዩን በጥልቀት ሲያጤነው ከቆየ በኋላ፣ ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ በስተግራ በኩል እንዲቆም የተወሰነ መሆኑን በታላቅ አክብሮት እናስታውቃለን። እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ማስታወቂያውን ማንበቡን በፊርማው ያረጋግጥ።

ሃያ ስድስት ክፍሎች ፈረሙ። ሃያ ሰባተኛው፣ በኋለኛው ሕንፃ ምድር ቤት ያለው መዝገብ ቤት፣ አልፈረመም። ሥራ አስኪያጁ የጎደለች ፊርማ ምሳ የምታስረሳው ሰው ነበርና ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን ይዞ ራሱ ወረደ። መዝገብ ያዡ ከጠረጴዛው አጠገብ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። የውስጥ ስልኩን እጀታ በቀኝ እጁ እንደጨበጠ ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ሥራ አስኪያጁ ለፖሊስ ሲደውል በመጀመሪያ የተናገረው ሰውየው ያለመፈረሙን ነው ይባላል። መሞቱን የጨመረው በስተመጨረሻ ነው።

ኢንስፔክተሩ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ይበላል። ሥራ ላይ የሚያሳየው ትዕግሥት ቤት የሚጠብቀው ሰው ስለሌለው ነው የሚሉ ምቀኞች አሉት። ምቀኞቹ አልተሳሳቱም።

ምድር ቤቱ መስኮት የለውም። ጣራ የሚነኩ መደርደሪያዎች፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ከጠረጴዛው በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ፣ የጥሪ ቁልፉ እጀታው ላይ ያለ የውስጥ ስልክ። ከአሮጌ ጥራዞች ቆዳ የሚረግፈው ቀይ ብናኝ ሁሉም ነገር ላይ አርፏል። ሞባይል እዚያ ሲገባ ሰዓት ከመቁጠር በቀር ሥራ የለውም። ከላይኛው ዓለም ጋር የሚያገናኘው ያ የውስጥ ስልክ ብቻ ነበር፤ የሚደውለውም አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ዋናው ሕንፃ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ክፍል።

ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ነገሩን አሳጠረው። ልቡ ነው። ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቋል፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ግን ወዲያው አልሞተም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ኖሯል። ሰው ቢደርስለት ኖሮ ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ ሾርባው ጨው የለውም እያለ ያማርር ነበር።

የስልኩ ሣጥን የዕለቱን ጥሪ ይቆጥራል። ቁጥሩ አሥራ አራት ይላል።

አሥራ አራት ጊዜ ጠርቷል። በሌላው ጫፍ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያንን ሰው ያን ዕለት ማታውኑ ጣቢያ አስገቡት።

*

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፤ ሬዲዮ ነው የሚሉት። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። አፉን ከከፈተ ዜና፣ ስፖርትና የአየር ጠባይ ሳይጨርስ አይዘጋም ነበር አሉ። ረቡዕ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ፊት የተቀመጠው ግን ባትሪው ያለቀ ሬዲዮ ነው።

ከሥራ ቦታው እንዳልተነሣ ተናገረ፤ በሩ ላይ ያለው ካሜራም መሰከረለት። እንዳልተኛም ተናገረ፤ በዚያው ሰዓት ሁለት ጊዜ በር ከፍቶ ሰው አስገብቷል። ነገሩ የባሰውም እዚህ ላይ ነው። ቦታው ላይ ነበር፣ ነቅቶ ነበር፣ ስልኩ ከክርኑ አጠገብ ነበር።

«አንድም ጊዜ አልጮኸም» አለ።

«አሥራ አራት ጊዜ ተጭኗል።»

«እኔ ጋ አልጮኸም ጌታዬ። የታቹ ጋሼ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሆኖታል ካናገረኝ። ኩርፊያ ነበረን።»

የኩርፊያውን ነገር ኢንስፔክተሩ ቀስ እያለ አወጣው። ሁለቱ በአካል የተገናኙት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም፤ ሽማግሌው መዝገብ ያዥ በኋላ በር ገብቶ በኋላ በር ነው የሚወጣው። በስልኩ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያወጉ ኖረዋል። ሰኞ፣ በወሩ ሁለት፣ እንደ ልማዳቸው ሲቀላለዱ ሽማግሌው አንድ ነገር ጣል አደረገ፦ አንተ ወሬ የምታበዛው ቤትህ የሚሰማህ ስለሌለ ነው። ሬዲዮም አልማረውም፦ እርስዎስ ሳይሞቱ የተቀበሩ አይደሉ? ስልኩ ተዘጋ።

«ከዚያ በኋላ አልተነጋገራችሁም?»

ሬዲዮ ጣቶቹን አየ። «አልተነጋገርንም» አለ።

የጣቢያው አዛዥ ይህን ሲሰማ እጁን እጁ ላይ አፋተገ። ቂም አለ፣ ጥሪ አለ፣ ሬሳ አለ። እርዳታ በመንፈግ ለሞት ምክንያት መሆን ብለህ ዶሴውን ዓርብ ጠዋት አምጣልኝ አለ። ለሬዲዮ ይህ ማለት እስር ቤት ነው፤ ያውም ለብዙ ዓመት። ጠያቂ ይኖረው እንደሆን ኢንስፔክተሩ የሥራ ማህደሩን አገላበጠ። የቅርብ ዘመድ በሚለው ቦታ ላይ የሬዲዮ እጅ ጽሕፈት የመዝገብ ያዡን የውስጥ ስልክ ቁጥር አስፍሯል።

*

ኢንስፔክተሩ መስመሩን መሞከር ነበረበት። አንድ ፖሊስ መቆጣጠሪያ ክፍል አስቀምጦ ራሱ ምድር ቤት ወረደና ቁልፉን ተጫነ። ላይ ጮኸ። ፖሊሱ አቤት አለ፣ ድምፁ ከአጠገቡ እንዳለ ሰው ጥርት ብሎ ወረደ። የኢንስፔክተሩም ድምፅ እንደዚያው ወጣ። የመሥሪያ ቤቱ የመስመር ባለሙያ፣ መነጽሩን ሸሚዙ ላይ የሚወለውል ቀጭን ሰው፣ መስመሩ እንከን የለውም ብሎ በጽሑፍ አረጋገጠ። የድሮውን የመዳብ ሽቦ መብረቅ ሁለት ጊዜ ስላነደደው ድምፁ የሚሄደው በፋይበር፣ ማለትም ፀጉር በሚያህል መስታወት ውስጥ በሚሮጥ ብርሃን እንደሆነም አስረዳ። ብርሃን ደግሞ አይዋሽም አለ።

እንግዲህ የዋሸው ሬዲዮ ነው።

የሽማግሌው መሳቢያ ውስጥ የተገኘው ደብተር ነገሩን አጠናከረው። በየዕለቱ አንድ ሁለት መስመር ተጽፎበታል።

ማክሰኞ፣ በወሩ ሦስት። ሦስት ሰዓት ላይ ደመና ነው አለኝ። የትናንቱን ይቅር በለኝ አልኩት። ዝም አለኝ።

ረቡዕ። ፀሐይ ነው፣ ነፋስ አለው አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት። ዝም አለኝ።

ሐሙስ። ካፊያ። ጨክኗል።

እንዲህ እያለ ሦስት ሳምንት ይሄዳል። የመጨረሻው የማክሰኞ ጠዋት ነው። ጥርት ያለ ሰማይ ነው አለኝ። እኔም ዝም አልኩት።

ኢንስፔክተሩ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ቆሞ የሦስት ሳምንት የአየር ጠባይ አነበበ። ከሜትሮሎጂ ቢሮ ጋር አስተያየው፤ አንዲት ካፊያ አልተሳሳተችም። ሬዲዮ አልተነጋገርንም ሲል ዋሽቷል። በየቀኑ ተናግሯል። ሽማግሌው በየቀኑ መልሷል፣ ይቅርታ ጠይቋል፣ እሱ ግን ዝም ብሎታል። በመጨረሻው ቀንም አሥራ አራት ጊዜ ዝም ብሎታል።

ከሰዓት በኋላ ደብተሩን እሥረኛው ፊት ዘርግቶ አነበበለት። ሬዲዮ የአየር ጠባዩን ስለመናገሩ አልካደም። ያፈረበት ነገር የተገለጠበት ሰው ይመስል ጆሮው ቀላ። ይቅር በለኝ የሚለው ጋ ሲደርሱ ግን እጁን አነሣ።

«እሱን ይድገሙልኝ።»

ኢንስፔክተሩ ደገመለት።

«እንዲህ አላለኝም።»

«ጽፎታል።»

«አላለኝም ጌታዬ። ቢለኝማ...» አልጨረሰውም። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ኢንስፔክተሩ በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ ውሸታም አይቷል። ውሸታም ሰው የሚጎዳውን ነገር ይክዳል። የሚጠቅመውን ይቅርታ አልሰማሁም ብሎ የሚያለቅስ ውሸታም ግን አላጋጠመውም።

*

ሐሙስ ጠዋት እግሩ ወደ መስመር ባለሙያው የሥራ ክፍል ወሰደው። ክፍሉ ደረጃ ሥር ነው፤ ሲገቡ ጎንበስ፣ ሲቆሙ ጎንበስ። ውስጡ ግን ከፋርማሲ ይበልጥ የተሰናዳ ነው። ግድግዳው ላይ በቀለም በቀለም የተጠቀለሉ አጫጭር ማገናኛ ገመዶች በየመንጠቆው ተሰቅለዋል፤ ከእያንዳንዱ ገመድ ላይ አንዲት የወረቀት መለያ ተንጠልጥላለች።

«ይሄ ሁሉ ቀለም ምን ያደርጋል?» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ለወሬ ያህል።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ወንበሩን ጠርጎ ለእንግዳው ሰጠና ጀመረ፤ ከጀመረም ማን ያስቆመዋል። ቢጫው የሩቅ መንገደኛ ነው፣ ከተማ ከከተማ ያገናኛል፣ እዚህ ቤት ጉዳይ የለውም። የሕንፃ ገመድ መካከሉ ሰፋ ይላል፤ ብርሃኑ በብዙ መንገድ እየነጠረ ያልፍበታል፣ ስለዚህም ለአጭር ርቀት ነው። የገመዶቹ ደረጃ ኦኤም ይባላል፤ ውኃ ሰማያዊው ኦኤም ሦስት ነው፣ የኮምፒውተር ክፍሉን የሚያገለግል፤ ሦስት መቶ ሜትር ድረስ በሰከንድ አሥር ጊጋ መረጃ ተሸክሞ ይሮጣል። ሐምራዊው ኦኤም አራት ከሱ መቶ ሜትር ያህል ይቀድማል። ሎሚ አረንጓዴው ኦኤም አምስት አራት ዓይነት ብርሃን ባንድ ጊዜ ያሳልፋል፤ አንድ ብቻ ነው ያለችኝ፣ የሚፈልጋትም የለም አለ፣ ያላገባች ልጁን እንደሚያስተዋውቅ አባት እየዳበሳት። ብርቱካናማዎቹ አሮጌዎቹ ናቸው፤ ለስልክ፣ ለካሜራ፣ ለዘገምተኛ ሥራ።

ብርቱካናማዎቹ የተሰቀሉት በሁለት መንጠቆ ነበር። ኢንስፔክተሩ አንድ ዓይነት አይደሉም ወይ አለው።

«ለዓይን ነው አንድ ዓይነት የሚመስሉት። ይሄ ኦኤም አንድ ነው፣ መካከሉ ስልሳ ሁለት ተኩል ማይክሮን፣ የሚሊሜትር ሺኛ ማለት ነው። ያኛው ኦኤም ሁለት፣ ሃምሳ። ልብሳቸው ላይ በደቃቁ ተጽፏል። ያልተማረ ሰው ይቀላቅላቸዋል።»

«ቢቀላቀሉስ?»

«ከጠባቡ ወደ ሰፊው ሲያልፍ ምንም አይሆንም። ከሰፊው ወደ ጠባቡ ሲገባ ግን ብርሃኑ ዳር ዳሩን ይፈስሳል። አዲስ መስመር ይችለዋል። ያረጀ መስመር ከሆነ ግን በአንድ በኩል...»

ምላሱን ነከሰ። መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ሥራ አለብኝ አለ።

*

ኢንስፔክተሩ ወዲያው አልገባውም። ሲገባው ደረጃውን በመውረድ ላይ ነበር፤ መደገፊያውን ይዞ ቆመ።

ምድር ቤቱ ወለል ላይ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ፖሊሶቹ በሬሳው ዙሪያ ያሰመሩት ጠመኔ እንዳለ ነው። ተንበረከከ። በሬሳው ትከሻ በኩል የጠመኔው መስመር ላይ የበቆሎ ፍሬ የምታህል ነጭ የላስቲክ ቆብ ተቀምጣለች። ገና ከአንድ ሰዓት በፊት እንዲህ ያለ ቆብ ባለሙያው ክፍል ውስጥ በአዳዲሶቹ ገመዶች ጫፍ ላይ አይቷል፤ አቧራ እንዳይገባ የምትደፋ ናት፣ ገመዱ ሲሰካ ትወልቃለች። በብዕር ጫፍ አነሣት። ከሥሯ ያለው ጠመኔ አልተቋረጠም። ቀድማ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ጠመኔው ቦታዋን ዘልሎ ባለፈ ነበር። እንግዲህ የወደቀችው ጠመኔው ከተሰመረ በኋላ ነው።

የስልኩን ሣጥን ከፈተ። የሣጥኑ መለያ ማገናኛው ገመድ የተቀየረው በወሩ ሦስት መሆኑን ይናገራል። ሦስት ሳምንት እዚያ የከረመ ነገር ሁሉ ቀይ ብናኝ ለብሷል። ብርቱካናማው ገመድ ግን ከሱቅ አሁን የወጣ ይመስላል። ልብሱ ላይ በደቃቁ ሃምሳ ይላል። ግድግዳው ውስጥ የገባውም ሃምሳ ይላል። ልክ ነው፤ ከመጠን በላይ ልክ ነው።

ማክሰኞ በሩን ሲጠብቅ የነበረውን ፖሊስ አስጠራ። ፖሊሱ አንገቱን አከከ። ማንም አልገባም፤ ብቻ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያ ባለ መነጽሩ ሰውዬ የመስመሩን መብራት ላጥፋ ብሎ አምስት ደቂቃ ቢገባ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነው ብሎ እንደ ሰው አልቆጠረውም።

*

የመስመር ባለሙያው ከወንበሩ አልተነሣም። ኢንስፔክተሩ አጎንብሶ ገባና ወደ ኦኤም አንድ መንጠቆ ሄዶ መለያዎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ። አራተኛው ገመድ ጥቅልሉ ውስጥ ቀይ ብናኝ አለው። መለያው ላይ በሚያምር ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ መዝገብ ቤት፣ የታች ጫፍ። ከወሩ ሦስት እስከ ሃያ አራት።

ሃያ አራት ማክሰኞ ነበር።

«ይሄን ለምን አልጣሉትም?»

«ዕቃ አይጣልም» አለ ሰውየው፣ ሳያስበው። «የት እንደነበረ ይጻፋል፣ ቦታው ይመለሳል።» ከዚያ ያለው ነገር ገባውና አንገቱን ደፋ።

«ሁለቱን ብርቱካናማ በሁለት መንጠቆ የሚሰቅል ሰው ተሳስቼ ነው ቢል ማን ያምነዋል?»

አልካደም። ሁሉንም ተናገረ፤ ለመናገር ዕድል አጥቶ የኖረ ሰው እንደሚናገረው፣ በዝርዝር። ሥራ አስኪያጁ ከምድር ቤት የሚመነጭ አላስፈላጊ ወሬ በአስቸኳይ ይቁም የሚል ደብዳቤ ጽፎለታል። መስመሩ ቢቆረጥ በየወሩ የሚደረገው የደህንነት ፍተሻ ያጋልጣል። ፍተሻው ደግሞ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ኮሚቴው ከላይ ያነባል፣ ምድር ቤት ያለው ሰው ሰምቻለሁ ብሎ ይፈርማል። ከታች የሚወጣ ድምፅ መሰማቱን የሚጠይቅ ቅጽ የለም። ስለዚህ የታችኛው ጫፍ ላይ ሰፊውን ገመድ ሰካ። ከላይ የሚመጣው ብርሃን ከጠባብ ወደ ሰፊ ነው፣ ደህና ይደርሳል። ከታች የሚሄደው ከሰፊ ወደ ጠባብ ነው፣ ይፈስሳል፤ መስመሩም ያረጀ ስለሆነ የተረፈው ብርሃን ላይኛው ጫፍ ለመድረስ አይበቃም። ሽማግሌው የላዩን ይሰማል፣ የሱን ላይ የሚሰማው የለም። ፍተሻውንም አለፈ።

«ሰው ይታመማል ብለው አላሰቡም?»

«በማግስቱ ይነቃሉ ብዬ ነበር። እምላለሁ። አንዱ አንዱን ምነው ዝም አልከኝ ቢለው እኮ ያልቃል። አንድ ቃል ነው። ሽማግሌው ወደ እኔ መጥቶ ስልኬ ተበላሸ ቢለኝ በደቂቃ ነበር የምመልሰው። ቀን በቀን ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም።» መነጽሩን አወለቀ፣ አልወለወለውም። «እንዴት ሁለት ሰዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ አይጠያየቁም?»

 የኢንስፔክተሩ ታላቅ ወንድም ከሱ ቤት ሁለት ፌርማታ ርቆ ይኖራል። እናታቸውን ከቀበሩበት ቀን ጀምሮ፣ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አልተነጋገሩም፤ ማን ማንን እንዳስቀየመ እንኳ በደንብ አያስታውስም። ገመዱን ላስቲክ ውስጥ ከተተና ሰውየውን ቀድመው ይውጡ አለው። ጎንበስ ይበሉ፣ ጭንቅላትዎን እንዳይመታዎት።

ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤው የሱ መሆኑን አመነ፤ ፊርማው ላይ ኩራት እንጂ ጸጸት አይታይበትም። ይቁም አልኩ እንጂ ይቆረጥ አላልኩም፣ ሰፊና ጠባብ የሚባል ነገርም አላውቅም አለ። ኢንስፔክተሩ ቃሉን ጽፎ አስፈረመው። ፈጥኖ ፈረመ። መጠርጠሩን የተረዳው ቀኑን ሲጽፍ ነው።

*

ዓርብ ጠዋት ዶሴው አዛዡ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ አዛዡ የጠበቀው ሰው ስም ግን አልነበረበትም። ሁለት ጊዜ አነበበው። ፋይበር ምናምን የሚለው ገጽ ላይ ራሱን ነቀነቀና የመፍቻውን ወረቀት ፈረመ።

ኢንስፔክተሩ ሬዲዮን አስጠርቶ ነገሩን በቀላሉ አስረዳው። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠለት። የሱ ድምፅ በየቀኑ ይወርድ እንደነበር፣ የሽማግሌው ግን መንገድ ላይ ይቀር እንደነበር ነገረው። ይቅርታው እውነት ነው አለው። ምስጋናውም እውነት ነው። ሁለታችሁም የተኮረፋችሁ መስሏችሁ ነበር።

ሬዲዮ ገመዱን አነሣ፣ ክብደቱን የሚመዝን ይመስል በመዳፉ ይዞት ቆየ። ይሄ ነው? አለ። ይሄ ነው አለው። መልሶ አስቀመጠው። አላለቀሰም። አሥራ አራቱን ጥሪ ግን አንድ በአንድ የሚቆጥር ይመስል ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

የተፈታ ሰው የሚሞላው ቅጽ አለ። ስም፣ ዕድሜ፣ የሥራ ቦታ፤ የተወሰደብኝን ንብረት ተረክቤያለሁ። ከታች ደግሞ ለምርመራው መዘጋት የሚያስፈልግ አንድ ማብራሪያ። ኢንስፔክተሩ ሌላውን ሁሉ ራሱ ሞላና እዚያ ጋ ሲደርስ ብዕሩን አቆመ። ጥያቄው ቅጹ ላይ የተጻፈው አልነበረም፤ ሬዲዮም ያንን ከድምፁ ሳያውቅ አልቀረም።

«ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ እስከ ምድር ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። በየጠዋቱ ደመናውንና ፀሐዩን የምትነግረው ሰው ነው፣ የምትጠላው ሰው አይደለም። አንድ ቀን እንኳ ሄደህ በሩን ያላንኳኳኸው ለምንድን ነው?»

ሬዲዮ ኮቱን ለበሰ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈ።

«አልመልስም» አለ።

«ቅጹ ባዶ ቦታ አይቀበልም።»

«እንግዲያው አልመልስም አለ ብለው ይጻፉ።»

«ለምን ቢሉኝስ?»

«እሱንም አልነግርዎትም ጌታዬ።»